ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፤ የመንግሥት ሹምና የታሪክ ጸሐፊ

የአገራችንን ታሪክ በትምህርት ቤት ስናጠና የነገሥታቱን ስም፣ የጦርነቱን ቦታና ዘመኑን በቃላችን እንይዛለን፤ ያንን ታሪክ በብዕር ጽፈው ያቆዩልን ሰዎች ግን እነማን እንደ ነበሩና በምን ሁኔታ እንደ ጻፉት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚወጣው በዚህ መጽሔት ውስጥ የመንግሥትን ሥራና የደራሲነትን ሥራ በአንድነት ይዘው ስለ ኖሩት ስለ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ለመጻፍ ተስማማን። እኒህን ሰው የመረጥንበት ምክንያት አለን። በክፍላችን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ አከራክሮናል፤ ይኸውም፣ የመንግሥት ሹም የሆነ ሰው የጻፈው ታሪክ እስከ ምን ድረስ ይታመናል? የሚል ነው። ግማሾቻችን ሹም ያየውንና የሰማውን ሌላ ሰው ሊያየው ስለማይችል ከሹም የተሻለ ምስክር የለም አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ የሹመኛ ብዕር ከጌታው ፊት ቀና ብሎ መቆም አይችልም አልን። ክርክሩን በአፍ ከመጨረስ ይልቅ የአንዱን ሹም ሕይወት መርምረን ማየት ይሻላል ብለን ወደ ሥራው ገባን።

ኅሩይ የተወለዱት በ1870 ዓ.ም. በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ነው። በልጅነታቸው ይጠሩበት የነበረው ስም ገብረ መስቀል ነበር፤ ኅሩይ የሚለው ስም በኋላ የመጣ ነው። በግእዝ «የተመረጠ» ማለት እንደ ሆነ ለአንባብያን መንገር አያስፈልገንም። የዚያ ዘመን ልጅ ትምህርት የሚያገኘው በቤተ ክርስቲያን ነበርና እሳቸውም ፊደል ከቆጠሩ በኋላ የግእዙንና የመጻሕፍቱን ትምህርት በተጉለት፣ ቀጥሎም በእንጦጦ ራጉኤል ተማሩ። እንጦጦ በዚያ ጊዜ የዳግማዊ ምኒልክ መናገሻ ነበረች፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ስለ ሆነ ይህ ከገጠር የመጣ ተማሪ ከከተማይቱ ጋር አብሮ አደገ ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ዘመኑ ለአፍሪቃ ክፉ ዘመን ነበር። የኤውሮፓ መንግሥታት በበርሊን ተሰብስበው አህጉራችንን የሚካፈሉበትን ሕግ ሲያወጡ (ይህ በ1877 ዓ.ም. ነው) ኅሩይ ገና ሕፃን ነበሩ። የዓድዋ ጦርነት በ1888 ዓ.ም. ሲሆን ደግሞ የ17 ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ ማለት ይህን ጽሑፍ እንደምናዘጋጀው እንደ እኛ ያለ ዕድሜ ላይ ነበሩ ማለት ነው። በዙሪያችን ያሉት አገሮች ሁሉ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣልያን ቅኝ ግዛት ሆነው ሳለ በመካከል አንዲት ነጻ መንግሥት ቀረች። ነጻ መሆን ግን ብቻውን በቂ አልነበረም፤ ያችን መንግሥት የሚያገለግል ጸሐፊ፣ ደብዳቤ የሚመልስ፣ ውል የሚያነብ፣ ፍርድ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገና የለም፤ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንኳ የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ መንግሥቱ ሠራተኞቹን የሚያገኘው ከዚያው ከቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መካከል ነበር፤ ኅሩይም በዚህ በር ገቡ።

የመጀመሪያው ትልቅ ጉዞአቸው በ1903 ዓ.ም. ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ አምስተኛው ጊዮርጊስ ዘውድ ሲጭኑ ኢትዮጵያን ወክለው ወደ ሎንዶን ከሄዱት ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ (በኋላ ልዑል ራስ ካሣ) ጋር ኅሩይ አብረው ሄዱ። ከጉዞው በኋላ በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ ምን እንደ ሆነ ስናውቅ ተገረምን። ያዩትን የባቡር ብዛትና የሕንፃውን ቁመት የሚተርክ መጽሐፍ አልነበረም፤ በኢትዮጵያ ውስጥ የሚገኙትን የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍት ስም የሚዘረዝር መዝገብ ነበር እንጂ። እስከዚያ ቀን ድረስ የእኛ ሊቃውንት የመጻሕፍቶቻችንን ዝርዝር እንደዚህ በኅትመት አውጥተው አያውቁም ነበር። የኢትዮጵያን መጻሕፍት ቆጥረው በካታሎግ ያወጡ የነበሩት የኤውሮፓ ሊቃውንት ነበሩ፤ ምክንያቱም በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ብዙ መቶ የብራና መጻሕፍት ወስዶ ስለ ነበር፣ በፓሪስም በሮምም ሌሎች ብዙዎች ስለ ነበሩ ነው። ኅሩይ የአገራቸውን ሀብት ራሳቸው ቆጠሩት። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ መዝገቡን አስፍተው እንደገና አሳተሙት። ይህ ሥራ ልብ የሚያሞቅ ታሪክ የለበትም፤ የስም ዝርዝር ብቻ ነው፤ በእኛ አስተያየት ግን ከሥራዎቻቸው ሁሉ የማይናወጠው ይህ ነው።

ከ1909 ዓ.ም. በኋላ፣ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ሲሆኑ፣ የኅሩይ ሥራ በዛ። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መሩ። በ1911 ዓ.ም. የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ድል ላደረጉት መንግሥታት የደስታ መግለጫ እንዲያቀርቡ ከተላኩት ከእነ ደጃዝማች ናደውና ከከንቲባ ገብሩ ጋር እስከ አሜሪካ ድረስ ሄደው ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰንን አዩ። ዛሬ በአውሮፕላን አንድ ቀን የሚፈጀው መንገድ ያን ጊዜ እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ ወዲያ በመርከብ የብዙ ሳምንት መንገድ ነበር።

ስለ ዳኝነታቸው ትንሽ ሰፋ አድርገን እንናገር፤ በልደታ የምንማር ሁላችን በየቀኑ በልደታው ፍርድ ቤት አጠገብ ስለምናልፍ ነገሩ ለእኛ ቅርብ ነው። ዛሬ በዚያ ግቢ በር ላይ ፋይል ይዞ የሚቆመው ባለጉዳይ ተከራካሪው የየትም አገር ሰው ቢሆን በኢትዮጵያ ሕግ፣ በኢትዮጵያ ዳኛ እንደሚዳኝ ያውቃል። በዚያ ዘመን ግን እንደዚህ አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ውል መሠረት (ውሉን የተዋዋለው የፈረንሳይ መልእክተኛ ክሎቡኮውስኪ ይባል ስለ ነበር በስሙ ይጠራል) ፈረንሳዊ ሰው በኢትዮጵያ ምድር ላይ ተከሶ ሲቀርብ የሚዳኘው በአገሩ ሕግ ነበር፤ ቆንስሉም ከዳኛው ጋር ይቀመጣል። የሌሎቹም አገሮች ሰዎች ይህንኑ መብት እንደ ራሳቸው አድርገው ይጠይቁ ነበር። እንግዲህ ነጻ በምትባለው አገር አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ የውጭ አገር ሰው ዕዳውን ቢክደው ነገሩን በገዛ አገሩ ሕግ ጨርሶ ማግኘት አይችልም ነበር ማለት ነው። በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር ለማየት ልዩ ፍርድ ቤት የተባለው ሲቋቋም፣ ኅሩይ በ1910ዎቹ ዓመታት በዚያ ችሎት በዳኝነት ተቀመጡ። አንድ ወገን ቆንስል፣ ሌላ ወገን የአገሩ ባለጉዳይ፣ በመካከል ፍትሐ ነገሥትን የተማረው የራጉኤል ደቀ መዝሙር! ይህ ሥራ ከማንኛውም ጉዞ ይልቅ የቅኝ ግዛትን ጥላ ከቅርብ ያሳያቸው ይመስለናል። ቅኝ ገዢ ጦር ሳይመጣ ቅኝ ግዛት በውል ወረቀት ሊገባ እንደሚችል በየዕለቱ ያዩ ነበርና።

አሁን ወደ ደራሲነታቸው እንምጣ። በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የተባለውን የምክር መጽሐፍ አሳተሙ። በ1915 ዓ.ም. ደግሞ «ወዳጄ ልቤ» ወጣ፤ ይህ የእንግሊዙ ጆን በንየን የክርስቲያንን ጉዞ በምሳሌ የጻፈበትን መንገድ ተከትሎ የሰውን ልጅ ሕይወት በምሳሌ የሚያሳይ ነው። በ1918 ዓ.ም. የቀደሙትንና የኋለኞቹን ሊቃውንት ቅኔ ሰብስበው አሳተሙ። ቅኔ በባሕላችን አንድ ጊዜ ተቀኝቶ የሚታለፍ ነገር ስለ ነበረ፣ ብዙው ከባለቤቱ ጋር ሞቶ ስለሚቀር፣ ይህ ስብስብ ትልቅ ውለታ ነው። በ1923 ዓ.ም. ስለ ብርሃኔና ስለ ጽዮን ሞገሳ ጋብቻ በጻፉት ልብ ወለድ ልጅ አገረድን ያለ ዕድሜዋ መዳርን ነቀፉ። በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ደግሞ አወቀ የተባለ ወጣት ፓሪስ ተምሮ ወደ አገሩ ሲመለስ ከዘመዶቹ ጋር እንዴት እንደማይግባባ ተረኩ። አወቀ ለተዝካር የሚደገሰው ድግስ ለሟቹ ነፍስም ለቤተሰቡም እንደማይጠቅም ሲናገር ዘመዶቹ ሃይማኖቱን የለወጠ ይመስላቸዋል። ከእኛ መካከል ይህን መጽሐፍ ያነበቡት፣ በመጨረሻው ላይ ካህናት ተሰብስበው ልማዱን ሁሉ በአንድ ጉባኤ ማሻሻላቸው በጣም ቀለለብን ብለዋል፤ ሌሎቻችን ደግሞ ደራሲው ሊሆን የሚገባውን እንጂ የሆነውን አልጻፉም፣ ስሙም «አዲስ ዓለም» ነው ብለን ተከራከርንላቸው።

የታሪክ ሥራዎቻቸው ብዙ ናቸው። በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ፤ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ» የተባለውን አወጡ። በዚህ መጽሐፍ የመኳንንቱን፣ የሊቃውንቱን፣ ወደ ውጭ አገር ሄደው የተማሩትንም ሰዎች አጫጭር ታሪክ ሰብስበዋል። በአገራችን ታሪክ መጻፍ ማለት ብዙ ጊዜ የንጉሥን ዜና መዋዕል መጻፍ ነበር፤ ኅሩይ ግን ንጉሥ ያልሆነ ሰው፣ ዕቃ ቤት የጠበቀ፣ ትርጓሜ ያስተማረ፣ ባሕር ተሻግሮ ቋንቋ የተማረ ሰው ታሪክ እንዳለው አሳዩ። የዛሬ የታሪክ ተመራማሪዎች የዚያን ዘመን የተማሩ ሰዎች ማንነት ለማወቅ ሲፈልጉ እስካሁን ወደዚህ መጽሐፍ ይመለሳሉ። አልጋ ወራሹ በ1916 ዓ.ም. ወደ ኤውሮፓ ያደረጉትንም ጉብኝት አብረው ሄደው «ደስታና ክብር» በተባለ መጽሐፍ መዝግበዋል። በዚያው ዓመት በመስከረም ኢትዮጵያ በዤኔቭ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበር።

በ1921 ዓ.ም. «ዋዜማ» የተባለው ወጣ። ስሙ ጥሩ ስም ነው፤ በማግሥቱ የኢትዮጵያ ነገሥታት የታሪክ በዓል ይከበራል፣ ይህ መጽሐፍ ግን ገና ዋዜማው ነው ማለታቸው ነው። ትልቁ የታሪክ መጽሐፍ ወደ ፊት እንደሚመጣ በስሙ ቃል ገቡ።

ክርክራችን የጸናው እዚህ ላይ ነው። በ«ዋዜማ» ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የነገሡት የኢትዮጵያ ነገሥታት ስም ከነዘመናቸው በተራ ተጽፏል፤ የዘመን ቁጥሩም ከልደተ ክርስቶስ በፊት ወደ ብዙ ሺህ ዓመት ይመለሳል። አልጋ ወራሹ ለእንግሊዛዊው ለቻርልስ ሬይ የሰጡት፣ እሱም በመጽሐፉ ያሳተመው ዝርዝር ከዚህ ጋር አንድ ዓይነት ነው። በኋላ ዘመን የተነሡ የውጭ አገር ሊቃውንት መርምረው እንደ ደረሱበት፣ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ብዙው ስም ከእኛ ዜና መዋዕል ወይም ከገድላት የተገኘ አይደለም፤ ሉዊ ሞሪዬ የተባለ ፈረንሳዊ በ1896 ዓ.ም. ገደማ ካሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ የተወሰደ ነው። ሞሪዬ ደግሞ የግሪኮች መጻሕፍት «ኢትዮጵያ» የሚሉትን የኩሽን አገር ከእኛይቱ ኢትዮጵያ ጋር አንድ አድርጎ፣ የመጽሐፍ ቅዱሱንም፣ የግሪኩንም ተረት፣ የግብፅንም ነገሥታት ቀላቅሎ የጻፈ ሰው ነው። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ እንደ ሔሪሆር ያለ የግብፅ የአሞን ካህን ስም፣ እንደ ፒያንኪና እንደ ቲርሃቅ ያሉ የኩሽ ነገሥታት ስም እናገኛለን። እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ነበሩ፤ የነገሡት ግን በአባይ ሸለቆ፣ በዛሬዋ ሱዳንና በግብፅ ነው።

ታዲያ ኅሩይ ይህን ለምን አደረጉ? አንዳንዶቻችን ለአልጋ ወራሹ ክብር ሲሉ ነው አልን። ይህ ጥቂት እውነት ሊኖረው ይችላል፤ የመንግሥቱ ዕድሜ ሲረዝም የዙፋኑ ግርማ ይጨምራልና። ነገር ግን ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለናል። በዚያ ዘመን የኤውሮፓ ሰዎች አፍሪቃ ታሪክ የላትም እያሉ ይጽፉ ነበር፤ ታሪክ የሌለውን አገር ደግሞ መግዛት ውለታ እንጂ በደል አይደለም ይሉ ነበር። በችሎት ከቆንስል ጋር የተቀመጠ፣ በዤኔቭ የአገሩን ስም ሲያነሡና ሲጥሉ የሰማ ሰው፣ «እናንተ ራሳችሁ የጻፋችሁት መጽሐፍ የእኛ መንግሥት ከእናንተ ሁሉ ይቀድማል ይላል» ብሎ የመመለስ ዕድል ሲያገኝ ሳያጣራ ቢቀበለው አያስገርምም። መረዳት እና መቀበል ግን ሁለት ነገር ናቸው። ከዚያው ዘመን ጸሐፊዎች ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የታሪክ ጸሐፊ ለማንም ሳያዳላ መፍረድ እንዳለበት አስቀድመው አሳስበው ነበር። በዚህ ሚዛን ስንመዝነው የ«ዋዜማ» የጥንቱ ክፍል አይቆምም፤ ተማሪ ለፈተና ሲዘጋጅ ያንን ዝርዝር እንደ ማስረጃ ሊጠቅሰው አይገባም። ኅሩይ ያዩትን፣ ከአዛውንት የሰሙትንና ከብራና ያነበቡትን የጻፉበት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን በልበ ሙሉነት እናነባለን። አንዱን ደራሲ በሙሉ ማመን ወይም በሙሉ መጣል የሰነፍ አንባቢ ልማድ ነው ብለው መምህራችን የነገሩን በዚህ ጊዜ ነው።

ለማነጻጸር አንድ ሌላ አፍሪቃዊ እንጥቀስ። በቡጋንዳ ሰር አፖሎ ካግዋ የተባሉ ሰው ነበሩ፤ ካቲኪሮ፣ ማለት የንጉሡ ዋና ሚኒስትር ነበሩ። እሳቸውም እንደ ኅሩይ ወደ ሎንዶን ለዘውድ በዓል ሄደዋል፤ የሄዱት በ1894 ዓ.ም. ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ በዓል ነው። እሳቸውም የቡጋንዳን ነገሥታት ታሪክ በገዛ ቋንቋቸው በሉጋንዳ ጽፈው አሳትመዋል። ሁለቱ ሰዎች ሹመታቸውም ብዕራቸውም አንድ ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ፣ ካግዋ የሚያገለግሉት መንግሥት በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር የነበረ በመሆኑ ነው። ለብዙ ዓመት ከእንግሊዞች ጋር ተስማምተው ከሠሩ በኋላ በ1918 ዓ.ም. ከሹማምንቶቻቸው ጋር ተጣልተው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በዓመቱም ዐረፉ። ኅሩይ በሥራቸው የሚታዘዙት ለአገራቸው ዙፋን ነበር፤ ካግዋ ግን ሁለት ጌታ ነበራቸው። ሁለቱም የነገሥታትን ስም መሰብሰብ ለምን እንዳስቸኮላቸው ግን ያው አንድ ምክንያት ይመስለናል፤ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይጽፍባቸው ነው።

በ1923 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጣ። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ የጃፓን ሕገ መንግሥት እንደ ምሳሌ ተወስዶ ነበር። ኅሩይም በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጃፓን ተልከው ከንጉሠ ነገሥቱ ከሂሮሂቶ ጋር ተገናኙ፤ ትምህርት ቤቱንና ፋብሪካውን ተዘዋውረው አዩ። ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጎሐ ጽባሕ በተባለው ማተሚያ ቤት አሳተሙ፤ መጽሐፉ በኋላ ወደ ጃፓንኛ ተተርጉሟል። በመጽሐፉ ኢትዮጵያና ጃፓን የሚመሳሰሉበትን ነገር እየፈለጉ ይዘረዝራሉ፤ ሁለቱም ጥንታዊ ዘውድ አላቸው፣ ሁለቱም ለብዙ ዘመን በራቸውን ዘግተው ኖሩ፣ እያሉ። የተማሩ ወጣቶች በዚያ ዘመን ጃፓንን እንደ ታላቅ ወንድም ያዩ ነበር፤ ነጭ ሳትሆን የሠለጠነች፣ ሩስያንም በጦርነት ያሸነፈች አገር ናትና። ይህ ተስፋ እንዴት እንዳለቀ መናገር ያሳዝናል። ጃፓን በ1929 ዓ.ም. ለጣልያን የኢትዮጵያ ወረራ ዕውቅና ከሰጡት መንግሥታት አንዷ ሆነች።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል የጣልያንና የኢትዮጵያ ወታደሮች ተታኮሱ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ወዲያው በጽሑፍ የተቃውሞ ማስታወቂያ ለጣልያን ለገሲዮን ላኩ፤ በ1920 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት የተፈራረሙት የወዳጅነት ውል ጠብ ሲነሣ ነገሩ በሽምግልና ዳኝነት እንዲታይ ስለሚያዝ በዚያ እንዲታይ ጠየቁ። ጣልያን ግን የይቅርታ መጠየቂያ፣ ለባንዲራዋ ሰላምታ፣ ከዚያም በላይ 200,000 ጠገራ ብር ካሣ ጠየቀች። ከዚያ በኋላ ያለውን የወራት ሥራ ስናስበው እጅግ ያሳዝነናል። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ይተረጎማል፣ ወደ ዤኔቭ ይላካል፣ መልስ ይጠበቃል፤ በዚያው ወቅት መርከቦች በስዊዝ ቦይ አልፈው ወታደርና መድፍ ወደ ምጽዋ ያወርዳሉ። ኅሩይ የያዙት መሣሪያ ውል ብቻ ነበር። ውሉን የጣሰችው ጣልያን ናት፤ ውሉን ያላስከበረው የመንግሥታት ማኅበር ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር መረብን ተሻገረ።

በዚያ ጊዜ የኅሩይ ትልቁ የታሪክ መጽሐፍ ከንግሥተ ሳባ እስከ ዓድዋ ድል ያለውን የሚተርክ ሆኖ በማተሚያ ቤት ነበር። «ዋዜማ» ቃል የገባለት በዓል ይህ ነበር። ኅትመቱ ሳይፈጸም ጦርነቱ ደረሰ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወጡ ኅሩይም አብረው ወጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ጣልያኖች አዲስ አበባ ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቅቀው መሄዳቸው ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ክርክር በዚያኑ ቀን በመኳንንቱ መካከል ተነሥቶ ነበር፤ እነ ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት በብርቱ ተቃውመዋል፤ ዛሬም ክርክሩ አልበረደም። እኛ እዚህ ላይ የምንለው፣ ኅሩይ ሹም እንደ መሆናቸው ከጌታቸው ጋር ሄዱ፤ የቤተሰባቸው ከፊሉ ግን በአገር ውስጥ ቀረ ብቻ ነው።

ከልጆቻቸው አንዱ ፈቃደ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ የተማረ ወጣት ነበር። እሱን ጣልያኖች በ1929 ዓ.ም. ገደሉት፤ የየካቲት 12 ጭፍጨፋ የተፈጸመበት፣ የተማሩ ኢትዮጵያውያን እየተለቀሙ የተገደሉበት ዓመት ነው። አባትየው በዚያን ጊዜ ባዝ በምትባለው የእንግሊዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ በተባለው ቤት፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በስደት ነበሩ። «በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ» ብለው የጻፉ ሰው፣ ልጃቸውን አስተምረው ለአገሩ ሲያደርሱ፣ ልጁ መማሩ ራሱ ወንጀል ሆኖ ተቆጠረበት።

በዚያው ዘመን ሌላው ስመ ጥር ደራሲና የመንግሥት ሠራተኛ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነበሩ። «ልብ ወለድ ታሪክ»ን የደረሱት፣ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ የጻፉት፣ በሮም የኢትዮጵያ መልእክተኛ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ጣልያን ሲገባ ግን ለጣልያን አገለገሉ። በአማርኛ አጻጻፍ አፈ ወርቅ ከኅሩይ ይበልጣሉ የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኛም ከሁለቱ የአፈ ወርቅ አማርኛ ይጣፍጣል እንላለን። ሁለቱም የንጉሥ ታሪክ ጽፈዋል፣ ሁለቱም ንጉሥን አመስግነዋል። መጀመሪያ ስንከራከር የሹም ብዕር አንድ ዓይነት ነው ብለን ነበር፤ የሁለቱን መጨረሻ ጎን ለጎን ካየን በኋላ ግን ያንን ቃል ደግሞ ለመናገር አልደፈርንም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በባዝ ዐረፉ፤ ዕድሜአቸው 60 ዓመት ነበር። የተቀበሩት በዚያችው ከተማ በሎክስብሩክ መቃብር ነው። አገራቸው ነጻ የወጣችው ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. ነው። ከነጻነት በኋላ አፅማቸው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። በኦክስፎርድ የተማረው ሌላው ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራሴላስ» ወደ አማርኛ መለሰው። ሳይፈጸም የቀረው ትልቁ የታሪክ መጽሐፍም ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ታትሞ ለአንባቢ ደረሰ፤ ትረካው በዓድዋ ድል ላይ ያበቃል።